በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የተማሪዎች ስልክ፦ ክልከላው ያልደረሰበት አደጋ

የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር በወላጆች ስብሰባ ላይ ሳይነሳ የማያልፍ ጉዳይ ቢኖር የተማሪ ስልክ ነው። በሸዋ ሮቢትም ይሁን በአጣዬ፣ በካራቆሬም ይሁን በማጀቴ የወላጅ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለምን አትቀሟቸውም?» የትምህርት ቤቱም መልስ አንድ ነው፤ «ደንባችን ይከለክላል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እናንተ ተቆጣጠሩ።» ከዚያ ስብሰባው ወደ መዋጮና ወደ ተሰበሩ ወንበሮች ይሻገራል። በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት ይህን ምልልስ ደጋግመን ሰምተናል። በር ላይ የሚፈተሸው ስልክ ካልሲ ውስጥ ሲገባ፣ ካልሆነም ከአጥሩ ማዶ ካለች ኪዮስክ በአደራ ተቀምጦ የመውጫ ሰዓት ሲጠብቅ አይተናል።

ክልከላውን አንቃወምም። መምህር እያስተማረ ቲክቶክ የሚያገላብጥ ልጅ ሊኖር አይገባም፤ ይህ አያከራክርም። ግን ክልከላው የሚሠራው እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ብቻ ነው። ልጆቻችንን የሚጎዳው ነገር ደግሞ በአብዛኛው የሚደርሰው ከመግሪብ በኋላ፣ እቤት፣ ወላጅ አጠገባቸው ተቀምጦ እያለ ነው። እኛም ልንመለከት የፈለግነው ያንን ሰዓት ነው።

በይፋት ቆላ ስልክ ተማሪ እጅ የገባበት መንገድ ከአዲስ አበባው ይለያል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያው በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፣ ከተማዋ ተቃጠለች፣ ቤተሰብ ተበታተነ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጣ። በጥር 2015 ግጭቱ አገረሸ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ሲገባ ሸዋ ሮቢት የሰዓት እላፊ ከታወጀባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት፣ መንገድ ሲቆረጥ፣ «የት ደረስክ?» ብሎ ለመጠየቅ ስልክ ያልገዛ ወላጅ ማን ነው? በዚያ ላይ በአካባቢው ሳዑዲ ወይም ሌላ ዐረብ አገር እናት፣ አባት ወይም እህት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ኢሞ የሚደወለው በልጁ ስልክ ነው። ስልኩንም ብዙ ጊዜ ገዝታ የላከችው እዚያው ያለችው እህት ናት። «ቀሙት» ሲባል የሚቀማው ልጁ ከእናቱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ጭምር መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላም የተገለበጠ ነገር አለ። ማሾውን ወይም ሽንኩርቱን ሸጦ የገባው አባት የቴሌብር መልእክቱን የሚያስነብበው ልጁን ነው። ፒኑን የሚያውቀው ልጁ ነው። የአጎት ድምፅ ከጅዳ ሲመጣ ከፍቶ የሚያሰማው፣ መልሱንም ቀድቶ የሚልከው እሱው ነው። በስልክ ጉዳይ የቤቱ አዋቂ የ14 ዓመት ልጅ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቤት «ተቆጣጠሩ» የሚለው ምክር የሚደርሰው መቆጣጠር ለማይችል ሰው ነው።

ስለ ሞባይል ቤቶችም ሳንናገር አናልፍም። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ጂሜይሉን፣ ፌስቡኩንና ኢሞውን የሚያስከፍተው እዚያው ገዝቶ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያወጣው ሠራተኛው ነው፤ የልደት ዘመኑንም የሚሞላው እሱ ነው፤ ያውም ቶሎ እንዲያልፍለት በትልቅ ሰው ዕድሜ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለምሳሌ ቲክቶክ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን አካውንት ከመጀመሪያው የግል አድርጎ ይከፍታል፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅም የግል መልእክት አይፈቅድም። ዕድሜው 25 ተብሎ የተሞላለት የ7ኛ ክፍል ልጅ ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ የለውም፤ መተግበሪያው የሚያስተናግደው እንደ ጎልማሳ ነው። የይለፍ ቃሉ በሌላ ሰው ደብተር ላይ የተጻፈ አካውንት ደግሞ የልጁ ነው ለማለት ይከብዳል። አብዛኞቹ የሞባይል ቤት ልጆች ቅን ሠራተኞች ናቸው። ነገር ግን ለጥገና የተሰጠ ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ በሠሪው እጅ እንደሚገባ ስንቱ እናት ያውቃል?

በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነን ነው እንግዲህ ሦስት አደጋዎችን የምናየው።

የመጀመሪያው ወሬ ነው። በሌላ አገር የኢንተርኔት ደኅንነት ሲባል ወሬ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በይፋት ግን አርጎባ፣ አማራ፣ ኦሮሞና አፋር በአንድ ገበያ የሚገናኙበት፣ ያለፉት ዓመታት ቁስል ያልሻረበት ምድር ስለሆነ መጀመሪያ መምጣት አለበት። አንድ ተማሪ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ዓመት የመጣ የሬሳ ቪዲዮ «አሁን እዚህ የሆነ» ብሎ ለክፍል ጓደኞቹ ግሩፕ ቢልከው ምን ሊከተል እንደሚችል የሸዋ ሮቢት ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም።

ቪዲዮው እውነተኛ ሲሆንም አደጋው ያው ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በጎንደር በቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ተፈጽሞ ወገኖቻችን ተገደሉ። ግፉ እውነት ነበር፤ ሐዘኑም እውነት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በምትገኘው ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በጎንደሩ ግፍ ውስጥ እጅ ያልነበራቸው የወራቤ ክርስቲያኖች ዋጋ ከፈሉ። ይህን በሙስሊም ሚዲያ ላይ ደፍረን መጻፍ አለብን፤ የተበደለ ሰው የሚያሠራጨው ምስል ሌላ ያልበደለ ሰው ቤት ሊደርስ ይችላልና። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረም በጥቅምት 2014 ስማቸውና ፎቶአቸው በፌስቡክ ከተለጠፈ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በሜታ ላይ ናይሮቢ ውስጥ ክስ መሥርቶ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ትልቁ ኩባንያ ይጠየቅ ማለት ተገቢ ነው። ከኩባንያው በፊት ግን ጽሑፉን «ሼር» ያደረጉ ብዙ ጣቶች ነበሩ።

ኢንተርኔት ሲዘጋ ይህ ይቆማል የሚል ካለ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ያስታውስ። ቪዲዮው በዜንደርና በሜሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆየ። የጠፋው ማጣሪያው ነበር፤ «ይህ የቆየ ነው፣ ይህ የእኛ አገር አይደለም» የሚል ሰው የሚገኝበት መስመር።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን እንደሚል ተማሪዎቻችን አያውቁም፤ ወላጆችም እንዲሁ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጽሑፍን መውደድን ማለትም «ላይክ» ማድረግን እንደ ማሠራጨት አይቆጥርም። ማስተላለፍ ግን ከዚህ ነጻ አልተደረገም። የጥላቻ ንግግር ያሠራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ምክንያት በሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። «ልጅ ነኝ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ የሚታየው በተለየ ሥርዓት ነው፤ 15 ዓመት ያለፈው ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ አብዛኛው 15 ዓመት አልፎታል።

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎ እንደሚያዝ ከመድረሳ ያለፈ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የሚጎድለው ቀጣዩ እርምጃ ነው፤ ይህ ትእዛዝ ጣቱ «አስተላልፍ» ላይ ባረፈበት ቅጽበት እንደሚመለከተው ማስተማር። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ የተወራውን የኢፍክ ወሬ እንመልከት። ወሬውን የፈጠሩት ሙናፊቆች ነበሩ፤ ካስተላለፉት ውስጥ ግን አማኞችም ነበሩበት። ሚስጠሕ ኢብን ኡሣሣ በድር ላይ የተሰለፈ ሶሐባ፣ ያውም አባቷ አቡበክር (ረ.ዐ.) የሚረዱት ዘመዳቸው ነበር። መዲናን ለአንድ ወር ገደማ ያናወጠው ወሬ የተጓዘው በእንደዚህ ዓይነት ምላሶች ነው። ኹጥባ ላይ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ስለ ወሬ ፈጣሪው ነው፤ ልጆቻችን ግን ፈጣሪዎች አይደሉም፣ አስተላላፊዎች ናቸው።

ሁለተኛው አደጋ ፎቶ ነው፤ እዚህ ላይ ለሴት ልጆቻችን ስንል ግልጽ ሆነን እንናገራለን።

አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። በሠርግ ወይም በዒድ ቀን በሴቶች ክፍል ውስጥ፣ ሂጃብ ሳይኖር፣ በጓደኛ ስልክ የተነሳ ፎቶ አለ። ወይም «ላገባሽ ነው» ያለ ወጣት ለምኖ ያስላከው። ወይም ለጥገና ከተሰጠ ስልክ የወጣ። ከዚያ ከማታውቀው አካውንት መልእክት ይመጣል፤ «ካልላክሽልኝ ለአባትሽ፣ ለመስጂዱ ጀመዓ እልከዋለሁ።» አንዴ ብር፣ አንዴ ሌላ ፎቶ፣ አንዴ «ናና አግኚኝ»። ልጅቷ ትልካለች፤ ከላከችም በኋላ አስፈራሪው አያቆምም፤ እንዲያውም አሁን በእጁ የያዘው ነገር ጨምሯል።

ለምን ለቤተሰቧ አትነግርም? ብትነግር የሚሆነውን ስለምታውቅ ነው። መጀመሪያ ስልኩ ይቀማል። ቀጥሎ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ከዚያ ቤተሰቡ «ነገሩ ሳይሰፋ» ብሎ ባል ይፈልግላታል። ፎቶውን ያሠራጨው ልጅ ደግሞ በማግሥቱ ክፍሉ ገብቶ ይቀመጣል። የአስፈራሪው ኃይል ከስልኩ ይልቅ ከእኛ ቁጣ የሚመነጭ ነው፤ ልጅቷ የምትፈራው እሱን ብቻ ሳይሆን እኛን ነው። ስልክ መቀማት መፍትሔ የማይሆንበት ዋናው ቦታም ይኸው ነው። ለመናገር የምትከፍለው ዋጋ ትምህርቷ ከሆነ፣ ዝም ማለቷ አያስገርምም።

ዲናችን የሙስሊምን ነውር መሸፈንን እንጂ ማሳደድን አላዘዘም፤ መሰለልንም ሐራም አድርጓል። ልጁን ወይም ልጅቷን ሌሊት ተደብቆ ስልክ መበርበር አንዳንድ አባቶች እንደ ጥንቃቄ ያዩታል። እኛ ግን ሲጠቅም አላየንም፤ ልጁ ሁለተኛ ሲምና ሁለተኛ አካውንት ማውጣትን ነው የሚማረው። «ስልክህን አብረን እንየው» ማለት ሌላ ነገር ነው።

ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን የወሲብ ምስል ማዘጋጀት፣ መላክም ሆነ መያዝ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። «ለቀልድ ነው የላክሁት» የሚሉ ወንድ ተማሪዎች ይህን በስማቸው ተጠርተው መስማት አለባቸው። ሂጃብ የሌለበት ተራ ፎቶ በሕጉ ዓይን የወሲብ ምስል አይደለም፤ በእኛ ቤት ግን ክብደቱ ትልቅ ነው። በእሱ ማስፈራራት ግን ያው ወንጀል ነው፤ አዋጁ በኮምፒውተር ወይም በስልክ መልእክት ሰውንና ቤተሰቡን ማስፈራራትን ለብቻው ያስቀጣል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ይህ ሲደርስባት ብር አትላክ፣ ሌላ ፎቶም አትላክ፣ መልእክቱን አታጥፋ። ስክሪንሾት ታንሳ፣ የአካውንቱን ስምና ቁጥር ትያዝ፣ ከዚያ ትዝጋው፤ የምታምነው ትልቅ ሰው ይዟት ወደ ፖሊስ ይሂድ። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ምስሉን ራሱን ሳይቀበል የምስሉን አሻራ ብቻ ወስዶ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉት በመስጠት እንዲወርድ ያደርጋል። በዜንደር ወይም በተዘጋ መልእክት የሚዞረውን ግን ሊይዝ አይችልም።

ሦስተኛው ደላላ ነው። ድሮ ደላላ ጫት ቤት ወይም መናኸሪያ ይገኝ ነበር፤ ፊቱ ይታወቃል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። አሁን በቲክቶክና በቴሌግራም ነው ያለው። የሪያድ መብራት፣ አዲስ ጫማ፣ በዐረብኛ ዘፈን የታጀበ የገንዘብ ቁልል ያሳያል፤ «ሲደርሱ የሚከፈል» ይላል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት፤ ወደ አፋር መውረጃውም ቅርብ ነው። የ9ኛ ክፍል ልጅ ደብተሩን እንደያዘ ጠፍቶ ከቀናት በኋላ ከኦቦክ መደወሉ እንግዳ ወሬ አይደለም።

ቪዲዮው የማያሳየውን እኛ እናሳያቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሲሻገሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ዘግቧል። በሐምሌ 2017 መጨረሻ በየመን አቢያን ጠረፍ ጀልባ ሰጥማ በአሥሮች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል። «ሲደርሱ የሚከፈል» የተባለውም ገንዘብ የሚጠየቀው በዚያው ኢሞ ነው፤ ልጁ እየተደበደበ ድምፁን ለእናቱ እያሰሙ። በሬ፣ ማሳ፣ ቤት የተሸጠው እንዲህ ባለ ድምፅ ነው።

የፈተና መልስ እንሸጣለን የሚሉትን የቴሌግራም ቻናሎች በአጭሩ እንለፋቸው። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሠርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ መሰረዙ ለእነዚህ ነጋዴዎች የማያልቅ ማስታወቂያ ሆኗቸዋል። አሁን ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው የሚፈተኑት፤ የሚሸጠው መልስ በአብዛኛው ውሸት ነው፤ የሚጠፋው ግን እውነተኛ ብር ነው። ከብሩ ይልቅ የሚያሳስበን ወረቀቱን ሳያነብ ቻናሉን ሲጠብቅ የሚያድረው ልጅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስለ ቅንብሮቹ ጥቂት እንበል፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጁ ናቸው። በሞባይል ቤት የተከፈተ አካውንት ሁሉ የይለፍ ቃሉ ዛሬውኑ ይቀየር። በዋትስአፕም በቴሌግራምም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ይከፈት። በቴሌግራም ስልክ ቁጥር «ለማንም አይታይ» ይደረግ፤ ወደ ግሩፕ የሚያስገቡትም የሚያውቋቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ይስተካከል። በመልእክት የመጣን የማረጋገጫ ቁጥር የጠየቀ ሰው፣ አጎቴ ነኝ ቢልም፣ ሌባ ነው። የልጁ የልደት ዘመን በእውነተኛው ይሞላ። ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ሜሞሪ ካርዱ ይውጣ፤ ስልኩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎችም አስቀድመው ይነሱ። ሌሊት ስልኩ የልጁ ፍራሽ አጠገብ ሳይሆን ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር፤ የአባትየውም ጭምር። (አባት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቲክቶክ እያየ ልጁን «ተኛ» ቢለው አይሰማም።)

ከባዱ ሥራ ሌላ ነው፤ ልጁ የሚነግረው ሰው ማግኘቱ። ትምህርት ቤቶች በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ብዙ ይለወጣል፤ በስልክ የደረሰበትን ጥቃት ራሱ መጥቶ የተናገረ ተማሪ ስልክ በመያዙ አይቀጣም የሚል። ዛሬ ግን የተጠቃች ልጅ ለርዕሰ መምህሩ ስትናገር መጀመሪያ የምትጠየቀው «ስልክ ማን ያዢ አለሽ?» ነው። ወተመህም በመዋጮው ፈንታ አንድ ስብሰባውን ለዚህ ቢሰጥ ጊዜ አይባክንም። የሴቶች ክበብ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ብዙዎቹ ግን ስማቸው ብቻ ነው ያለው።

የመጅሊሱም ድርሻ አለ። በ2017 ክረምት በየመስጂዱ በተካሄደው ምርጫ የመጡት አመራሮች ሕዝቡ በድምፁ የሾማቸው ናቸው፤ ሴቶችም ወጣቶችም በምርጫው ተሳትፈዋል። ከቀወት ወረዳ እስከ ኤፍራታና ግድም ያሉት የመጅሊስ መዋቅሮች ሁለት ነገር ቢጀምሩ እንጠይቃለን። አንደኛው፣ በየመድረሳው ይህን ዓይነት ጉዳይ የምትሰማ፣ ምስጢር የምትይዝ፣ የሕጉንም አካሄድ የተማረች አንዲት ኡስታዛ መመደብ ነው፤ ለወንዶቹም አንድ ኡስታዝ። የኡስታዛዋ ሥራ ልጅቷን መውቀስ ሳይሆን አባቷን ማነጋገር ይሆናል፤ አባት ከጎረቤት ወይም ከፖሊስ ይልቅ ከመድረሳ የመጣን ሰው ይሰማልና። ሁለተኛው፣ አንድ አስደንጋጭ ቪዲዮ ወይም ወሬ ሲነሳ ወጣቱ ሳይልከው በፊት ደውሎ «እውነት ነው ወይ?» የሚልበት ስልክ ነው። ከአጣዬ ወይም ከሰንበቴ የመጣውን ወሬ እዚያው ላሉ ኢማሞችና ለክርስቲያን ሽማግሌዎችም ደውሎ ማጣራት ይቻላል። የአገር ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ቁጥራቸውም በእጃቸው አለ። ልጆቹ ግን ቁጥሩን አያውቁትም።

ለዚህ ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም። ለሁለቱ ሰዎች ሁለት ሲም፣ የአየር ሰዓት የሚሞላላቸው ጀመዓ፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀትም በመስጂዱና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይበቃል። ፈተናው የሚመጣው የመጀመሪያዋ ልጅ በደወለች ቀን ነው፤ ከሳምንት በኋላ አሁንም ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ከተገኘች ሌሎቹም ይደውላሉ።